ዘንድሮ ያየናቸውን ልጆች ከርሞም እንድናገኛቸው አግዙን

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የህፃናትና የታዳጊዎች የአእምሮ ጤና ላይ የምንሰራው ጥናት ገንዘብ አጥሮታል፣ ለዛ ነው የምጽፈው።

"ህፃን ልጅ ደሞ ምን የአእምሮ ጤና አለው" የሚለን ሰው አይጠፋም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ድሮ እንደዛ ነበር የማስበው። ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሰራው ሙከራ አለ፣ እናትየው ከልጇ ጋር እየሳቀች ስትጫወት ትቆይና ድንገት ፊቷ ድርቅ ይላል፣ አትስቅም አታወራም ዝም ብላ ታየዋለች፣ ህፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይልላታል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ይጮሃል፣ አልሆን ሲለው ፊቱን ያዞራል ወይ ያለቅሳል። ገና አፉን ያልፈታ ልጅ እኮ ነው! (እናት አንድ ቀን ደክሟት ፊቷ ከጠቆረ ልጁ ተበላሸ ማለት ግን አይደለም፣ እናቶችን መውቀስ ድሮም ቀላል ነው።) ጥያቄው ይሄ ነገር ለወራት ሲቆይ ልጁ 10 ወይ 15 ዓመት ሲሞላው ምን ይሆናል ነው፣ ይሄን ደሞ አንዴ ጠይቀህ አታገኘውም፣ ያንኑ ልጅ እየተከተልክ ማየት አለብህ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአእምሮ ህመሞች ሲሶ ያህሉ ከ14 ዓመት በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ደሞ ከ18 ዓመት በፊት ይጀምራሉ፣ አብዛኛው ግን ሳይታወቅ ሳይታከም ያልፋል ይላል። ያው ልጅ ጨነቀኝ ብሎ አይነግርህም፣ ሆዴን አመመኝ ይላል፣ ትቶት የነበረው አልጋ ላይ መሽናት ይመለስበታል፣ ጎረምሳው ደሞ በር ዘግቶ ይቀመጣል ወይ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፣ እኛ ጥጋብ ነው ብለን እናልፈዋለን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ሰው ለጥናት ገንዘብ ሲባል ላብራቶሪ ምናምን ይመስለዋል፣ የኛ ወጪ ስልክና ትራንስፖርት ነው። ቤተሰብ ቤት ይቀይራል፣ ስልክ ይቀየራል፣ ስራ ይበዛል፣ እና ከጥናቱ የሚጠፉት ብዙ ጊዜ ችግር የበዛባቸው ናቸው፣ እነሱን ትተን የቀሩትን ብቻ ብንቆጥር ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ያማረ ይሆናል፣ ያ ደሞ ካለመስራት ይብሳል ባይ ነኝ። ኒውዚላንድ ዱነዲን ላይ በ1972 እና 1973 (እ.ኤ.አ.) የተወለዱ ከ1000 በላይ ልጆችን መከታተል ጀምረው 45 ዓመት ሲሞላቸው በህይወት ካሉት ከ10ሩ ከ9 በላይ የሚሆኑት አብረዋቸው ነበሩ፣ ሌላ አገር የሄዱትን ሳይቀር ትኬት ቆርጠው እያመጡ ነው እንዲህ የሆነው። እኛ አውሮፕላን አላልንም፣ የታክሲ ብቻ።

ሌላው ልጁ በቃለመጠይቁ መሀል አስጊ ነገር ከተናገረ ወዲያው የሚያገኘው ባለሙያ መኖር አለበት፣ ለሱም ይከፈላል፣ እዚህ ላይ መቆጠብ አንችልም።

ስለዚህ አንዴ ብዙ ከመስጠት በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብታደርጉ ይሻለናል፣ ልጆቹን ለዓመታት ነው የምንከተላቸው። ገንዘብ የሌላችሁ ግን መጠይቅ መተርጎም የምትችሉ ወይ የምክር ባለሙያ የሆናችሁ ጊዜያችሁን ስጡን። ልጄን ትመዘግቡልኛላችሁ ወይ ለምትሉ፣ ምዝገባና መዋጮ አይገናኙም፣ የረዳ ልጅ ቀድሞ አይገባም፣ ያልረዳም አይቀርም።

የምትችሉ ኢንቦክስ በሉኝ። አካውንቱ በጥናቱ ስም ነው የተከፈተው፣ በግለሰብ ስም ላኩ የሚላችሁ ካለ እኔ አይደለሁም፣ እንዳትልኩ። ምን ላይ እንደዋለ በየሶስት ወሩ ከነደረሰኙ እለጥፋለሁ።