ኦቾሎኒው ሰውዬ እና የእማዬ ዓይን

እንዴት ነሽልኝ?

ይሄን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ትቼዋለሁ። ስለዚህ ቶሎ ልበለው፦ እናትሽ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። መንገድ ተዘግቶብኝ ነው ልልሽ እችላለሁ፤ እውነትም ተዘግቶ ነበር። ስልኩ ግን ክፍት ነበር። አፈርኩ። ከዚያ ዝም በማለቴ ደግሞ አፈርኩ። እንዲህ እንዲህ ሲል ሁለት ዓመት ሄደ። ይቅር በይኝ። የቀረውን ስትመጪ ትወቅሺኛለሽ።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ያረፉ ጊዜ ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ ነበር። አስከሬናቸው እዚያው አንቺ ከተማ፣ አትላንታ፣ ካርተር ማዕከል ሲሰናበት “ይቺ ልጅ ሄዳ ይሆን?” አልኩ። የገና ዋዜማ ነው፣ ዶሮ ስትገነጣጥይ ይሆናል። ደግሞ ወረፋ አትወጂም፣ አውቅሻለሁ።

አባዬ ዜናውን የሰማው በሬዲዮ ነው። ካርተርን፣ የኦቾሎኒ ገበሬ ስለነበሩ፣ “ኦቾሎኒው” እያለ ሲረግም ነው ያሳደገን፣ አይደል? ክሱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን እናውቀዋለን፦ በ1969 ዚያድ ባሬ ሲወርረን፣ ከፍለን የገዛነውን መሣሪያ አሜሪካ ከለከለችን። ምክንያቱ ሰብአዊ መብት ነው ብንለው አይሰማም። ደርግ በየከተማው ወጣት ይረሽን እንደነበር እሱም አይክድም። ግን ዱላ ይዞ ሠልጥኖ ምሥራቅ ግንባር የዘመተው እሱ ነው፣ እኛ አይደለንም። የዚያን ቀን ዝም አለ። ከዚያ “ነፍስ ይማር” አለ። ቆይቶ ጋቢውን እያጣፋ “መሣሪያውን ግን ከፍለንበት ነበር” አለ።

ነፍስ ይማር ያሰኘው የእማዬ ዓይን ነው።

ትዝ ይልሻል? በሩ ላይ፣ ፀሐይዋ በምትገባበት በኩል፣ እማዬ ጭንቅላቷን ጭንሽ ላይ ጣል አድርጋ። እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንቺ ግን የሌባ እጅ ነበረሽ። ወደ ውስጥ የዞረውን ሽፋሽፍት በወረንጦ አንድ በአንድ ትነቅዪላታለሽ፣ የነቀልሽውን አይበሉባሽ ላይ እየለጠፍሽ ትቆጥሪያለሽ። “ዛሬ አሥራ አንድ ነው፣ እትዬ።” ጥቂት ሳምንት ሳይሞላው አጭርና ሹል ሆኖ ተመልሶ ይበቅላል፣ ከበፊቱ ብሶ ይወጋታል። የዓይን ማዝ (ትራኮማ) መሆኑን እንኳ የነገረን አልነበረም። ጭስ ነው ይሉን ነበር።

ከዚያ ጤና ጣቢያው ውስጥ ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ የዓይን ቆቧን ቀዶ፣ ሽፋሽፍቷን ወደ ውጭ መልሶ ሰፋላት። ያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 አካባቢ ክልላችን ውስጥ የተጀመረው በካርተር ማዕከል ድጋፍ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። በእንጨት ቁመታችንን እየለኩ የሰጡን ኪኒንም የዚያው አካል ነበር። አንቺ እኮ ትንሽ ኪኒን ለመዋጥ ጎንበስ ብለሽ ተለክተሻል!

የሽንት ቤቱን ዘመቻ ደግሞ ማን ይረሳል። የዓይን ማዙን ለሚያዛምተው ዝንብ ብለው ነው ያስቆፈሩን፤ ለእኛ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ሴት ልጅ በቀን ሜዳ መውጣት ነውር ስለሆነ ጨለማ መጠበቃችን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ጅብ እየፈራን… ካርተር ራሳቸው ይሄን የገጠር ሴቶች ጣጣ በየአዳራሹ ያነሱት ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ስለ ጎጃም ሴት ሽንት ሲናገር አስቢው። እኔ እናቴ ፊት እንኳ አልናገርም።

ሥልጣን ላይ የቆዩት አራት ዓመት ነው። ተሸንፈው ሲወጡ 56 ዓመታቸው ነበር። ከሚስታቸው ከሮዛሊን ጋር ማዕከሉን እ.ኤ.አ. በ1982 መሠረቱ። ደርግንና ሻዕቢያን እዚያው አትላንታ አስቀምጠው ለማስታረቅም ሞክረዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1989። አልሆነም። እኔን የሚገርመኝ ግን ትሉ ነው። ጊኒ ዎርም፣ ጋምቤላም የነበረው፣ ከእግር ሥር አንድ ሜትር ሆኖ የሚወጣው። በእንጨት ጠቅልለው በቀን ጥቂት ጥቂት ይስቡታል። ክትባት የለው፣ መድኃኒት የለው። ያላቸው ውኃ ማጥለያ ጨርቅና ምክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓመት 3.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይይዝ የነበረው፣ ካርተር ባረፉበት ዓመት በመላው ዓለም የያዘው 15 ሰው ነው። የመጨረሻው ትል ከእኔ በፊት ቢሞት ደስ ይለኛል ብለው ነበር፣ ካንሰር መያዛቸውን በተናገሩ ጊዜ። ለጥቂት ቀደሙት።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልምጣ። እያፈርኩም ቢሆን።

የእማዬ ሽፋሽፍት ተመልሷል። አንዳንዱ ሰው ላይ ከቀዶ ሕክምናውም በኋላ ይመለሳል አሉን። አሁን እኔ ጋ ባሕር ዳር ናት። የግራ ዓይኗ ብሌን ላይ ነጭ ነጠብጣብ ጀምሯል፣ ካልተሠራች ይሰፋል። እሷ ግን “አንዴ ተቆረጥኩ፣ ይበቃኛል” ትላለች። አባዬ ለመነ፣ እኔ አለቀስኩ፣ የንስሐ አባቷ ተቆጧት። ወይ ፍንክች! ትናንት ምን አለችኝ? “እሷ ብትኖር ትነቅልልኝ ነበር።” እሷ አንቺ ነሽ።

እባክሽ ደውዪላት። ማታ ከመተኛትሽ በፊት፣ እኛ ጋ ጠዋት ቡና ላይ እንሆናለን። እኔን ማናገር ባትፈልጊ ይገባኛል፣ ስልኩን ሰጥቻት ወደ ጓሮ እወጣለሁ። አንቺ ብቻ “እትዬ፣ እኔ አሁን አልደርስልሽም፣ ተሠሪ” በያት። ሌላ ሰው ቢላት አትሰማም።

ለጊዜው ወረንጦውን ደብቄባታለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ትራሷን እያገላበጠች ትፈልጋለች።

ያንቺው