ደብዳቤ ለልጄ ለዘሀራ፦ ኦቦክ ከመሄድሽ በፊት

ዘሀራ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ ደሴ ብርድ ሲገባ ያስቸግራታል። ለባሕር ወንጀል ጥናትሽ ጅቡቲ፣ ኦቦክ ወደብ እንደምትሄጂ የሰማሁት ከወንድምሽ ነው፤ ከአንቺ አለመስማቴን ለጊዜው ልተወው። «ሰዎች ወደ የመን የሚሻገሩበትን ባሕር በዓይኔ ማየት አለብኝ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር እወጣለሁ» ብለሻል አሉኝ። አትወጪም። ጀልባ ላይ አትወጪም።

አባቴ ስለ ባሕር ምን ያውቃል እንዳትዪ። ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዤ በባቲ፣ በሚሌ አድርጌ አሰብ ስመላለስ አንቺ አልተወለድሽም። ወደቡ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ከተሳቢው ሥር ነበር የምንተኛው። ሌሊት ሳንቡክ የሚባሉት የእንጨት ጀልባዎች መብራት አጥፍተው ሲወጡ እናያለን። የጭነቱን ነገር የሚያውቀው ታዲያ ባሕረኛው አልነበረም፤ ከተማ ውስጥ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሒሳብ የሚይዘው ሰውዬ ነበር። እሱን ውሃ እግሩንም ነክቶት አያውቅ።

ሥራሽን ንቄው አይደለም፣ አብሽሪ። ለዒድ መጥተሽ ያስረዳሽኝን ለሰው ስተርክ ነው የምውለው፦ ከባሕሩ ዳርቻ ከ12 የባሕር ማይል ወዲያ ለግል ጥቅሙ ሌላ መርከብ ያጠቃ በሕግ የባሕር ወንበዴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከሆነ የዚያው አገር ዝርፊያ ነው። ወደብ የሌላት አገራችን ውንብድናን ለመከላከል የወጣውን የጅቡቲ የሥነ ምግባር ደንብ በ2001 ፈርማለች ብላቸው ጎረቤታችን ሐጂ አላምንም አሉኝ፤ ተከራከርን። ግን የአክስትሽን ልጅ፣ የእኛን ሰይዶን የወሰዱት ማንንም መርከብ አላጠቁም። እሱን የትኛው መዝገብሽ ላይ ትጽፊዋለሽ?

ሰይዶን ካነሳሁ አይቀር። ልጁን የላከው ደላላ ለቅሶ የሚደርስ፣ ሠርግ የሚያጅብ የቀዬው ሰው ነበር። ልጁ የመን ራስ አል-ዓራ ገባ ተባለ፤ ቀጥሎ ስልክ ተደወለ፣ ሲገርፉት እያሰሙ ብር ላኩ አሉ። አክስትሽ ላሟን ሸጣ ላከች። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም። በሰው መነገድንና ሰው በድንበር ማሻገርን የሚከለክለው አዋጅ 1178/2012 ወጥቶ ነበር፣ ፖሊስም ሰውየውን ይዞት ነበር። ምስክር ሲጠራ ግን ሽማግሌ ተቀመጠ፣ የብሩ ግማሽ ተመለሰ፣ አክስትሽም «ልጄን ካላመጣልኝ የሱ መታሰር ምን ያደርግልኛል» ብላ ተወችው። እኔም ቡናዬን ጠጥቼ ተነሳሁ። ሰውየው ዛሬም ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ አይጠፋም፤ ሰላምታ ይሰጠኛል። አክስትሽ ያኔ የተደወለበትን አሮጌ ኖኪያ አሁንም ቻርጅ ታደርገዋለች፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ድረስ ይዛው ትሄዳለች።

እንዲህ እንዲህ ያለውን ጠይቂ። ብሩ በማን እጅ፣ በየትኛው ሐዋላ አለፈ? ምስክሩን ማን አስቀረው? ይህ ሁሉ የብስ ላይ ነው ያለው። በነሐሴ 2009 የመን፣ ሻብዋ ዳርቻ ደላሎቹ ጠባቂ ያዩ ሲመስላቸው የሚያሻግሯቸውን ልጆች ገፍትረው ባሕር ውስጥ ጣሏቸው። በሐምሌ 2017 እዚያው የመን፣ አቢያን አጠገብ የተገለበጠችው ጀልባ ደግሞ ከ150 ሰው በላይ ጭና ነበር፤ አብዛኛው የእኛው ልጅ። የአንቺ ሪፖርት አንዲት ጀልባ ላይ ስለወጣሽ አይሰምርም። ጀልባ ላይ አትውጪ ብዬሻለሁ።

አሁን ደግሞ ስሚኝ። አማካሪ መባልሽ ያኮራኛል፤ ግን ውሉ ላይ መድን አለ ወይ? ብትታመሚ ማን ያሳክምሻል? እንደ ቋሚ ሠራተኛ የሚያዩሽ እንዳይመስልሽ፣ ጡረታም የለውም። ያናገርሻቸውን ሰዎች ስም ስልክሽ ላይ አትያዢ፤ እነሱ አንቺ ከሄድሽ በኋላም እዚያው ናቸው። ለቤቱ ካርታ የሚሆነውን ውክልና ናይሮቢ ኤምባሲው ዘንድ አሠርተሽ ቶሎ ላኪ፤ ወንድምሽ ማዘጋጃ ቤት ተመላልሶ ሰልችቶታል። ለአክስትሽም ደውይላት፣ በዚያኛው ቁጥር ግን አይደለም፤ ትደነግጣለች።

ከድር ጭነት ይዞ ቅዳሜ ጅቡቲ ይገባል። እናትሽ በሶና ቅቤ ልካለች፤ ቅቤው ከሻንጣው ግርጌ ነው፣ እንደተቀበልሽ ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው።

አላህ ያግራልሽ።

አባትሽ