ከአርባ በኋላ የጀመረው ሰው

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆትዎ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ባለፈው በስልክ «ሰው የሚሆነውን የሚሆነው እስከ አርባ ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የለመደውን መድገም ነው» ያሉኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ያን ጊዜ ዝም አልኩ። አሁን ግን ልከራከርዎ ነው። ምስክሬ አንድ ሰው ነው፤ ኢም ክዎን ቴክ የሚባል የኮሪያ ፊልም ዳይሬክተር።

የተወለደው በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ በደቡብ ኮሪያ ደቡብ ምዕራብ፣ ጃንግሶንግ በምትባል አገር ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ።) ቤተሰቡ ግራ ዘመም ስለነበር በጦርነቱ ጊዜ ብዙ መከራ አይቷል። ልጁም ገና ጎረምሳ ሳለ ከቤት ወጥቶ ቡሳን ገባ። የቀን ሥራ ሠራ። ከአሜሪካ ጦር የሚወጣ ቡት ጫማ የሚነግዱ ሰዎች ጋር ተጠጋ። ቡሳንን መቼም ያስታውሷታል፤ ጎረቤታችን የነበሩት የኮሪያ ዘማች ስሟን የማይጠሩበት ቀን አልነበረም። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1951 ከመርከብ የወረዱት እዚያው ወደብ ላይ ነው። እሳቸው የሚያወሩልን በተፈናቃይ የተጨናነቀች ከተማ ይህን ልጅም ተቀብላ ነበር።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ እነዚያ የጫማ ነጋዴዎች ሴኡል ሄደው ፊልም ማሠራት ጀመሩ። በ1956 አስጠሩት። የሄደው እንጀራ ፍለጋ ነው፤ ስለ ጥበብ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዕቃ ከማቀበል ተነስቶ፣ ጆንግ ቻንግ ህዋ በሚባል ዳይሬክተር ሥር ሙያውን ለመደ። በ1962 የራሱን የመጀመሪያ ፊልም ሠራ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ዐሥር ዓመት ልብ ይበሉልኝ። ሃምሳ ያህል ፊልም ሠራ። ሃምሳ! የጦርነት በሉት፣ የጎራዴ፣ የወንጀል፣ የእንባ፣ የታዘዘውን ሁሉ። በፕሬዚዳንቱ በፓርክ ቹንግ ሂ ዘመን አንድ የፊልም ድርጅት የውጭ ፊልም ለማስገባት ፈቃድ የሚያገኘው በቁጥር የተወሰነ የአገር ውስጥ ፊልም ሲያወጣ ነበር። ትርፉ ያለው የውጭው ላይ ነው። ስለዚህ የአገር ውስጡ ቶሎ ቶሎ፣ በርካሽ፣ ኮታ እንዲሞላ ብቻ ይሠራል። ኢም ደግሞ እጁ ፈጣን ነው። ዕድሜው ከገፋ በኋላ ስለዚያ ዘመን ፊልሞቹ ሲጠየቅ እንደሚያፍርባቸው ደጋግሞ ተናግሯል።

አባባ፣ እርስዎን ያሰብኩት እዚህ ጋ ነው። ያ ሁሉ ቁምሳጥን፣ ያ ሁሉ አልጋ ለነጋዴ የተረከበ ነው። ሰዎቹ የሚጠይቁዎት «መቼ ይደርሳል?» ብቻ ነበር። ለራስዎ ደስ ብሎዎት ስለሚቀርጹት አትሮንስ ለእማማ ሲያወሩ እሰማ ነበር። ዋንዛው እንኳ ተገዝቶ ነበር።

ኢም አርባ ሊሞላው ሲል ነው ቆም ብሎ ራሱን የጠየቀው። መለወጥ የጀመርኩት በ1973 «አረም» የሚለውን ፊልም ስሠራ ነው ይላል። በአንድ ጀምበር አልሆነለትም። ከዚያም በኋላ የትዕዛዝ ሥራ ሠርቷል፤ መብላት አለበትና። ግን ጎን ለጎን የራሱን ይሞክር ነበር። በ1981 ሁለት የቡድሃ መነኮሳት ሲንከራተቱ የሚያሳየውን «ማንዳላ»ን አወጣ፤ ያኔ ነው የውጭው ዓለም ዘወር ብሎ ያየው። በ1985 ደግሞ «ጊልሶትም» መጣ። በጦርነቱ ልጇ የጠፋባት፣ አሁን ግን ደልቷት የምትኖር እናት ልጄ ሊሆን ይችላል የምትለውን ሰው ታገኛለች። ሰውየው ኑሮ ያጎሳቆለው፣ ሻካራ ሰው ነው። እሷም ልጄ ነው ብላ ለመቀበል ይሳናታል። እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል። ሌላው ሁሉ የሚያቃቅፋቸውን ነው የሚያሳየው።

ከሁሉ የምወደው ግን «ሶፕዮንጄ»ን ነው። በ1993 ሲወጣ ብዙ ገበያ ያገኛል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። የሚተርከው ስለ ፓንሶሪ ነው፤ አንድ ዘፋኝ ከአንድ ከበሮ መቺ ጋር ሆኖ ረጅም ታሪክ በዜማ የሚያወርድበት የጥንት ሙያ። ዘመኑ ግን ፊቱን ያዞረበት። ሆኖም በሴኡል ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። ለኮሪያ ፊልም ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሴት ልጅ ሆና የምትጫወተው ኦ ጆንግ ሄ በእውነትም ፓንሶሪ የተማረች ናት፤ የምትዘፍነው በራሷ ድምፅ ነው።

ቾንግሳን በምትባል ደሴት ላይ የተቀረጸ አንድ ቦታ አለ። አባትና ሁለት ልጆች በድንጋይ ካብ መሃል ባለ መንገድ ከሩቅ እየዘፈኑ ይመጣሉ። ካሜራው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከአምስት ደቂቃ በላይ አይቆረጥም። ሰዎቹ ቀስ በቀስ ይቀርባሉ፣ ዘፈኑ ይሞቃል፣ ልጅቷ ትደንሳለች፣ ከበሮው ይገባል። ካሜራማኑ ጆንግ ኢል ሶንግ የዘመናት ባልደረባው ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር ስለዚያ ሃምሳ ፊልም ከራሱ ከኢም ጋር አልስማማም። አምስት ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳይነካ መተው የሚችል እጅ የተፈጠረው በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ነው። የት እንደሚቆረጥ አጥንቶ ስለጨረሰ ነው መተው የቻለው። የእርስዎም እጅ በቁምሳጥኑ ነው የተሠራው፣ አባባ።

ቀሪውን ባጭሩ ልንገርዎ። በ2002 የአንድ ሰካራም ሠዓሊ ታሪክ በሠራበት «ቺህዋሶን» በካን ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ወሰደ፤ ስድሳ አምስቱን አልፎ ነበር። በ2005 የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል የክብር ወርቃማ ድብ የሚባለውን ሽልማቱን ሰጠው። መቶኛ ፊልሙን በ2007 አወጣ። መቶ ሁለተኛው በ2014 ሲወጣ ሰማንያ ደፍኖ ነበር ማለት ይቻላል።

የኮሪያ ፊልም ቤተ መዛግብት የድሮ ፊልሞችን በዩቲዩብ በነጻ ይለቃል። ታናሽ እህቴ ትከፍትልዎታለች። ከሥር የሚወጣው ትርጉም እንግሊዝኛ ስለሆነ እያነበበች ትንገርዎ፤ እሷንም ጠይቄያት እሺ ብላለች። በ«ማንዳላ» አይጀምሩ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው። በ«ሶፕዮንጄ» ይጀምሩ። ደግሞ ዋንዛውን ማንም ለሌላ ሥራ እንዳያነሳው ነግሬያታለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅዎ። በፊልሙ ውስጥ ያለው አባት፣ ድምፅዋ እንዲጠልቅ ብሎ፣ የሚያሳድጋትን ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ ዓይኗን ያጠፋል። እሷ ይቅር ትለዋለች፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አቅቶኛል። እርስዎ አባትም ነዎት፣ ባለሙያም ነዎት። አይተው ሲጨርሱ ይደውሉልኝ፤ ፍርዱን ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ።

የሚወድዎ ልጅዎ