ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ

ይድረስ ለውድ እህቴና ጓደኛዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ እላለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ሦስተኛ ሌሊቴ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩበትን ምክንያት ሳልሸፋፍን ልነግርሽ ስለፈለግሁ፣ የቸኮለ ቃል እንዳያመልጠኝ ብዬ ደጋግሜ እየቀደድኩ ጽፌዋለሁ።

እናቴ ባረፈች ጊዜ አልመጣሽም፤ ስልክም አልደወልሽም። እኔም ቂም ይዤ፣ ቆይተሽ የላክሻቸውን ሁለት መልእክቶች ሳልመልስ ቀረሁ። አሁን ሳስበው ቂሙ የሐዘኔ መሸሸጊያ ሆኖልኝ ነበር፤ አንቺን መውቀስ እናቴን አጣኋት ብሎ ከመቀበል ይቀለኝ ነበርና።

ባለፈው ዓመት የቬትናማዊው የቡድሃ እምነት መነኩሴ የቲክ ናት ሃን መጻሕፍት እጄ ገቡ። ደቀ መዛሙርታቸው «ታይ» ይሏቸዋል፤ በአገራቸው ቋንቋ መምህር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022፣ በ95 ዓመታቸው ያረፉት፣ ገና በ16 ዓመታቸው ለምንኩስና በገቡበት በሁዌ ከተማ ገዳም ውስጥ ነው። መጀመሪያ የያዘኝ ስለ እናታቸው የጻፉት ነበር። እናታቸው የሞቱ ዕለት በሕይወታቸው ታላቅ መከራ እንደደረሰ በማስታወሻቸው አስፍረው፣ ከዓመት በላይ በሐዘን ቆይተዋል። ከዚያም አንድ ሌሊት፣ በቬትናም ደጋ በምትገኝ ጎጆ ተኝተው ሳለ፣ እናታቸውን በሕልም ያያሉ። ነቅተው በጨረቃ ብርሃን በሻይ ተክሎቹ መካከል ቀስ ብለው ሲራመዱ፣ እናታቸው አብረዋቸው እንዳሉ፣ መሬቱን የሚረግጠውም እግር የእሳቸው ብቻ ሳይሆን የእናታቸው፣ የአባታቸውና የአያቶቻቸው ጭምር እንደሆነ ይሰማቸዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓለምን የተወ መነኩሴ ለእናቱ ይህን ያህል ማዘኑን ማንበብ፣ ከሰማሁት የማጽናኛ ቃል ሁሉ ይልቅ አሳረፈኝ።

ብዙ ሰው ከሚያነብላቸው መጻሕፍት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በስደት ሳሉ፣ በጦርነቱ መካከል ሕዝቡን ለሚረዳ የሥራ ባልደረባቸው የጻፉት ረጅም ደብዳቤ ነበር። በዚያ ውስጥ ዕቃ ሲታጠብ ለማጠብ ብቻ ይታጠብ ይላሉ፤ ከእጥበቱ በኋላ ስለሚመጣው የሚያስብ ሰው በዚያች ሰዓት በሕይወት አልነበረም ማለት ነው። ቃሉ ቀላል መስሎኝ አልፌው ነበር። አንድ ምሽት ግን ከመደርደሪያው ጥግ ያስቀመጥኩትንና ከሞተች ጀምሮ ያልነካሁትን የእናቴን ኩባያ አውርጄ አጠብኩ። ውሃው ለብ ያለ ነበር። አውራ ጣቴ ጠርዙ ላይ ያለውን ሽራፊ ሲያገኘው፣ በየጠዋቱ ከንፈሯ እንዳይነካው ኩባያውን እንዴት ታዞረው እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ቧንቧውን ዘግቼ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አንቺን ሳልወቅስ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እምነቷን ልትለውጥ ነው ብለሽ እንዳትሰጊ። ታይ ለምዕራባውያን ተማሪዎቻቸው የአባቶቻቸውን ሃይማኖት እንዳይተዉ ይመክሩ ነበር፤ በጸሎት ስፍራቸውም የቡድሃንና የኢየሱስን ምስል አንድ ላይ ያኖሩ ነበር። እኔም አቡነ ዘበሰማያት ስል ቃሉን እየሰማሁት ማለት ጀምሬያለሁ።

ወደ አንቺ የመለሰኝ ግን ስለ ቁጣ ያስተማሩት ነው። የምንወደው ሰው ሲያስቀይመን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ነገር እንድንነግረው፣ በአፋችን መናገር ካቃተን በወረቀት ጽፈን እንድንሰጠው ያዛሉ። እንዲህ ያለ ምክር ብዙ ሰው ይሰጣል፤ እኔ ያመንኳቸው ስለኖሩበት ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ በቦምብ የፈረሱ መንደሮችን መልሰው የሚሠሩ ወጣቶችን አሰባስበው ነበር፤ ከእነዚያም ወጣቶች የተገደሉ አሉ። ከተዋጊዎቹ ለአንዱም ወገን ባለመቆማቸው ከ1966 ጀምሮ አገራቸው እንዳይገቡ ተከልክለው፣ ደግመው የረገጧት ከ39 ዓመት በኋላ በ2005 ነው። ያም ሆኖ፣ በ1965 ለማርቲን ሉተር ኪንግ በጻፉት ደብዳቤ፣ ጠላታችን ጥላቻ፣ ስስትና አክራሪነት እንጂ ሰው አይደለም ብለው ነበር፤ ኪንግም ከሁለት ዓመት በኋላ ለኖቤል የሰላም ሽልማት አጭተዋቸዋል።

ለእኔ 24ቱ ሰዓት አልፎ አራት ዓመት ሆኗል፤ ሦስቱን ነገሮች ግን እነሆ። ተጎድቻለሁ፣ ተቀይሜሽማለሁ፤ ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። ቁጣዬን በአንቺ ላይ ላለማፍሰስ የምችለውን እያደረግሁ ነው። እባክሽ እርጂኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ለመጻፍ ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል፤ ኩራቴ አንቺን አልፈልግም ሲለኝ ኖሯልና።

ታይ ሌላም ነገር ይመክራሉ፤ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ጥያቄ በወረቀት ጽፎ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ መስቀል። እኔም «እርግጠኛ ነሽ?» ብዬ ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጠፍኩት። በየቀኑ ሳየው ከርሜ፣ ስለ አንቺ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር አለመምጣትሽ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ትታኛለች፣ ንቃኛለች ያልኩት ሁሉ እኔ የጨመርኩት ነው። ያን ሳምንት አንቺ ምን ላይ እንደነበርሽ፣ ታመሽ ይሁን ተጨንቀሽ፣ አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። አሁን እጠይቅሻለሁ፤ ምን ሆነሽ ነበር?

የማትረሳሽ
ጓደኛሽ