«ሥዕሉ የታለ?» ለሚሉኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር የምኖር ሠዓሊ ነኝ። ስለ ሥዕል ስትጽፉ ወሬው ሁሌ ኤግዚቢሽንና ሽያጭ ነው፤ ስለ ሬዚደንሲ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ነገሩ ቀላል ነው፦ አርቲስቱ ሰው አገር ሄዶ ስቱዲዮና የመኖሪያ ገንዘብ ይሰጠውና ለወራት ያጠናል፣ ይሞክራል፣ ያበላሻል። አምስተርዳም ያለው ራይክስአካዳሚ እስከ 2 ዓመት ያቆያል። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳአድም (DAAD) በፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አርቲስቶችን በርሊን ላይ ያስተናግዳል። ያለቀለት ሥራ ካላመጣህ ብሎ የሚያንቅህ የለም፤ ዋናው ምን ማወቅ እንደምትፈልግ ነው።

እኛ ጋ እስቲ ሞክሩት! አምና ሁለት ወር ሙሉ ጣና ዳር ታንኳ ሠሪዎች ዘንድ እየተመላለስኩ ደንገሉ እንዴት እንደሚደርቅ፣ እንዴት እንደሚታሰር፣ ሰዎቹ ስለ እምቦጭ ምን እንደሚሉ በደብተሬ ስጽፍና ስነድፍ ከረምኩ፤ ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ በር ላይ ጠብቀው «ታዲያ ሥዕሉ የታለ ልጄ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ማመልከቻ ላይም የሚጥለን ይሄው ይመስለኛል። የዘጌን ገዳማት የሚመስል ቆንጆ ሥዕል ፎቶ አንስተን እንልካለን፣ ጥያቄ ግን አንልክም። እኔ ራሴ ሁለቴ እንደዛ አድርጌ ቀርቻለሁ (እንግሊዝኛዬም አልረዳኝም፣ አልዋሽም)። ዘንድሮ ደብተሩን ልልክ ነው።

ደግሞስ ለምን በርሊን ብቻ? ክረምት ላይ ሐይቁ ዳር ባዶውን የሚከርም ክፍል መች ጠፋ። ለአንድ እንግዳ ሠዓሊ የሦስት ወር ማደሪያና ቀለብ የሚችል ካለ፣ ሠዓሊውን ከታንኳ ሠሪዎቹ ጋር እኔ አስተዋውቀዋለሁ።

ሠዓሊው አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር