የጣርማበርን ዳገት የሚችል ፍሪሲዮን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የመኪና ገጻችሁን ሳላነብ የማልፍበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። የመኪና ዋጋ ታወጣላችሁ፣ ስለ ቀረጡ ትጽፋላችሁ፣ የኤሌክትሪክ መኪናውንም ነገር በየጊዜው አነባለሁ። ደጃችን ላይ ያለውን መኪና ስለ መጠገን፣ በተለይ መለዋወጫ ስለ መምረጥ ግን ብዙም አላየሁም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው። ነገሬ ስለ ፍሪሲዮን ነው፤ ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሹ ሳጥን፣ ጋር ስለሚያያይዘውና ስለሚያላቅቀው ዕቃ።

የምነዳው ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ነው። የ2003 ሞዴል፣ ሁለት ሺህ ሲሲ፣ ቱርቦ (ሞተሩ ውስጥ አየር አጭቆ የሚያስገባ ዕቃ) ያለው፣ ባለ አምስት ማርሽ። ከአጎቴ ነው የደረሰኝ። ሰው ሲያየው የእሽቅድምድም መኪና ይለዋል፤ ለእኔ ግን ሥራ የምሄድበት፣ እናቴን ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት የማመላልስበት መኪናዬ ነው። ሸጬ ሌላ ልግዛ ብልም የሚሆን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሹን ቀረ። ስለዚህ ያለንን ይዘን መቆየት አለብን፤ ለመቆየት ደግሞ የምንገጥመው ዕቃ ትክክለኛ መሆን አለበት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ። አራተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም። ሸራው፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ ውስጥ የሚይዘው ክብ ዲስክ፣ እንዳለቀ ገባኝና አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ የጠየቀኝ ነገር ቢኖር «ቱርቦ ነው?» ብቻ ነው። አዎ ስለው ከላይኛው መደርደሪያ አንድ የሚያብለጨልጭ ካርቶን አወረደ። «ይሄ የሬስ ነው ወንድሜ፣ ከገጠምከው ዕድሜ ልክህን ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አታስብም» አለኝ። ውስጡ ያለው ሸራ ዙሪያውን የተሸፈነ አይደለም፤ ስድስት የብረት ቁራጭ ነው የተለጠፈበት። ከሱ ጋር ሸራውን የሚጫነው በጣም ጠንካራ ፕሬዠር ፕሌትና የቀለለ ቮላኖ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚዞረውና ሸራው የሚጫንበት ክብ ብረት፣ አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን የሚያስለቅቀው ኩሽኔታ ግን የለውም። «የድሮውን መልሰህ ግጠም፣ ምንም አይል» አለኝ። አመንኩት። ገዛሁ፣ አስገጠምኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ በደብረ ሲናና በደብረ ብርሃን መካከል ያለውን የጣርማበርን ዳገት የወጣ ሁሉ ያውቀዋልና።

ነሐሴ ነበር። ከሸዋ ሮቢት እየተመለስን ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ጀመርን። ጉሙ ወርዶ አስር ሜትር አያሳይም። ከፊታችን አንድ የጫነ አይሱዙ ነበር፤ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። እሱ በቆመ ቁጥር እኔም መቆም፣ በተነሳ ቁጥር መነሳት አለብኝ። ይሄ የሬስ የተባለው ፍሪሲዮን ግን ቀስ ብሎ መያዝ አያውቅም። ወይ ለቋል ወይ ይዟል፣ መሃል የለውም። ቀስ ብዬ ስለቅ መኪናው እንደ ፍየል ይዘልና ይጠፋል። ጠፍቶ ፍሬን እስክይዝ ድረስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከኋላዬ ደግሞ ሰው የጫነ ሚኒባስ መብራቱን አብርቶ ተጠግቷል። ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። እንዳይጠፋ ብዬ ሞተሩን አስጩኼ ስነሳ ሽታው መጣ። እናቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ «ምንድነው የሚቃጠለው ልጄ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን የሚኒባሱ ሾፌር ነቃ ያለ ሰው ባይሆን ኖሮ ምን ሊፈጠር ይችል እንደነበር ሳስበው እስካሁን ይጨንቀኛል።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልሂድ። ይህን ለማወቅ ብዙ ወር አንብቤአለሁ፣ የተማረም ያልተማረም መካኒክ ጠይቄአለሁ።

ፍሪሲዮን የሚይዘው ጉልበት የሚወሰነው በሦስት ነገር ነው። ሸራው ምን ያህል የመያዝ ጠባይ አለው፣ ፕሬዠር ፕሌቱ በምን ያህል ኃይል ይጫነዋል፣ ሸራው ምን ያህል ሰፊ ነው። የብረት ቁራጭ ያለው ሸራ በጣም ይይዛል፤ ለእሽቅድምድም የተሠራ ስለሆነ። እዚያ የሚነሱት አንድ ጊዜ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማርሽ መቀያየር ብቻ ነው። እኛ አገር ግን በአንድ ዳገት ላይ ሃያ ጊዜ ይነሳል። የእኔ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ጉልበቱ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ፋብሪካው የሠራለት 230 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሸራ ይህን ጉልበት አልቆ እስኪቀየር ድረስ በደንብ ይይዘዋል። ሞተሩ ላይ ምንም ያልጨመረ ሰው ከዚያ የበለጠ ፍሪሲዮን ምን ያደርግለታል?

ደግሞ ከፍታው አለ። ይህን ሶማሌ ተራ ያለ ሻጭ አይነግራችሁም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጣርማበሩ ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከሩብ በላይ ሳስቷል። ቱርቦ ይህን ጉድለት ይሞላል፣ ግን ሞተሩ በደቂቃ ሦስት ሺህ ዙር አካባቢ ሲደርስ ነው የሚነቃው። ከዚያ በታች፣ ማለትም ልክ ከቆምንበት በምንነሳበት ሰዓት፣ መኪናው እንደ ማንኛውም ሁለት ሺህ ሲሲ ነው፤ በሳሳ አየር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ለመነሳት ትንሽ ማስጮህና ፍሪሲዮኑን በቀስታ እያንሸራተቱ መልቀቅ ግድ ይላል። ይህን ማንሸራተት የሚችለው ዙሪያውን ሙሉ የሆነ፣ ኦርጋኒክ የሚባለው ሸራ ነው። የብረቱ አይችልም፤ ሲንሸራተት ይዘላል፣ ቮላኖውንም ይበላዋል።

የቀለለው ቮላኖም እንደዚሁ ነው። ቮላኖ ሲከብድ የሞተሩን ዙር ያጠራቅማል፣ ስንነሳ ያንን ይሰጠናል። ሲቀል ሞተሩ ቶሎ ይጮኻል፣ ቶሎም ይጠፋል። ሙቀት የመያዝ አቅሙም ያንሳል። ለዳገት አገር ሰው ክብደቱ ጠቃሚ ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን ካምቢዮው ነው። ሱባሩ በአራቱም ጎማ ነው የሚጎትተው። በሁለት ጎማ የሚጎትት መኪና ፍሪሲዮን በድንገት ሲይዝበት ጎማው ይፈተለክና ድንጋጤው እዚያ ያልቃል። በአራት ጎማ ግን አስፋልቱን ጨምድዶ ስለሚይዝ ድንጋጤው የሚያርፈው ማርሹ ጥርስ ላይ ነው። የዚህ ሞዴል ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ደግሞ በዚህ በኩል ደካማ መሆኑ የታወቀ ነው። የሬስ ፍሪሲዮን ገጥሞ ሦስተኛ ማርሹን የሰበረ ሰው አውቃለሁ። የካምቢዮ ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዘንድሮ ታዲያ በገዛ እጄ ልቀይረው ወሰንኩ። የእህቴ ባል ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ባለሙያ ነው፣ እጁም ልቡም ረጋ ያለ ሰው ነው። ቅዳሜና እሁድን ግቢያችን ውስጥ ተያያዝነው። ክሪክ ብቻውን አይበቃም፤ መኪናውን ያሳረፍነው ወፍራም የብረት እግሮች ላይ ነው። በድንጋይና በጣውላ የሚደግፉ ልጆች አያለሁ፤ እባካችሁ አታድርጉት፣ ካምቢዮው ሲወጣ መኪናው ይናወጣል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይህን መኪና ለሚፈታ ሁሉ። የቱርቦው ፍሪሲዮን የሚገፋ ሳይሆን የሚሳብ ዓይነት ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ሹካ የሚባለው ብረት ኩሽኔታውን አይገፋውም፣ ይስበዋል። ኩሽኔታው ከፕሬዠር ፕሌቱ ጋር የተቆለፈ ነው። ካምቢዮውን ከሞተሩ ከመለየታችሁ በፊት ጎኑ ላይ ያለውን መክደኛ «አለን» በሚባለው ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ፣ በ10 ቁጥሩ፣ ፍቱ፣ ከዚያ ቀጭን ባለ 6 ሚሊ ብሎን አስገብታችሁ ሹካውን የያዘውን ዘንግ ሳቡት። እሱ ሳይወጣ ካምቢዮውን በጉልበት መጎተት ዕቃ መስበር ነው። የመጀመሪያው መካኒክ ይህን አያውቅም ነበር፤ ሹካው ላይ የመፈንቀያ ጠባሳ አገኘንበት።

ቮላኖው ሲወጣ የእህቴ ባል ፀሐይ ላይ አውጥቶ አገላበጠው። ፊቱ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሞልቶበታል፣ ብረት በሙቀት ሲቃጠል የሚያወጣው ቀለም። በጥፍራችን ስንነካው ሸካራ ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆችም አሉት። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ። ያንን ጣልነው። ደግነቱ የፋብሪካውን ቮላኖ አልሸጥኩትም ነበር፤ ቶርኖ ቤት ወስደን ፊቱን አስተካከልነው፣ ከሚፈቀደው ውፍረት እንዳይወርድ ተለክቶ።

ዕቃውን የመረጥነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዘን ትክክለኛውን የዕቃ ቁጥር አወጣን። ቱርቦ የሌለው ኢምፕሬዛ የሚገፋ ዓይነት ፍሪሲዮን ነው፣ ሸራውም ይለያል፤ «የኢምፕሬዛ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው የየትኛው እንደሆነ ካልጠየቀ ውጡና ሂዱ። ባለ ስድስት ማርሹ ኤስ ቲ አይ፣ የዚሁ መኪና ጉልበተኛው ዓይነት፣ ደግሞ ሸራው 240 ሚሊ ነው፣ እሱም አይሆንም። ከዚያ ኦርጋኒክ፣ በፋብሪካው መጠን፣ መሃሉ ላይ ስፕሪንግ ያለው ሸራ መረጥን። ኤክሴዲ የሚባለው የጃፓን ፋብሪካ፣ ድሮ ዳይኪን ይባል የነበረው፣ የሚሠራውን ነው ያገኘነው። ለአውሮፓ መኪና ቫሌዎ፣ ዛክስና ሉክ አሉ። ፎርጅድ በሁሉም ስም ይወጣል፣ ስለዚህ ስሙን ብቻ አትመኑ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና ዕቃው ላይ የተመታው ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ፣ የሸራውን ሪቬቶች በጣታችሁ ዳስሱ፣ ስፕሪንጎቹን አወዛውዙ።

ኩሽኔታውን አሮጌውን አትመልሱ። የፍሪሲዮን ኩሽኔታ፣ ቮላኖው መሃል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ፣ የሞተሩ ዘንግ (ክራንክ ሻፍት) ከኋላ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ኦይል ሲል፣ እነዚህ ሁሉ ካምቢዮ ሲወጣ ካልተቀየሩ ነገ ለአንዷ ሲባል ሁሉም ድጋሚ ይፈታል። ዘይት ሸራው ላይ ከደረሰ ደግሞ አዲሱም ሸራ አለቀለት ማለት ነው።

የቮላኖውን ብሎኖች በ72 ኒውተን ሜትር፣ የፕሬዠር ፕሌቱን ወደ 16 ብቻ፣ በመስቀለኛ ትንሽ በትንሽ አጠበቅን። የሚለካውን ቁልፍ ከአንድ ጋራዥ ተውሰን ነው። የቮላኖውን ፊት በፍሬን ማጽጃ እስኪነጣ ጠረግነው። አቧራውን በአየር አልነፋነውም፤ በእርጥብ ጨርቅ ነው ያነሳነው፣ አሮጌ ሸራ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል። ይህን ለጋራዥ ልጆች የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ቀኑን ሙሉ በአየር እየነፉ ይውላሉ።

የመጀመሪያዎቹን 800 ኪሎ ሜትር ሳልጋልብ፣ ከተማ ውስጥ እየተነሳሁ እየቆምኩ ነዳሁት። ሸራውና ቮላኖው የሚላመዱት እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላንሳ። ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ የጣርማበሩ ዋሻም የተቆፈረው በዚያው በወረራው ዘመን ነው። ቃሉንም ዋሻውንም የራሳችን አድርገናል። የዕቃውን ነገር ግን ለካርቶን ሥዕልና ለሻጭ ወሬ ትተነዋል።

ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ነው። በመኪና ገጻችሁ ላይ በወር አንድ ጊዜ እንኳ አንድ ዕቃ ይዛችሁ፣ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ አናግራችሁ ጻፉ። ዕቃው ለቆላ መንገድ ይሻላል ወይስ ለደጋ፣ ለዳገት ወይስ ለሜዳ፣ ብላችሁ ጠይቁ። ለሻጮችም መልእክት አለኝ፦ የዕቃውን ቁጥር ደረሰኙ ላይ ጻፉልን። የማይሆን ዕቃ ስንመልስም ሳይገጠም የመጣ ከሆነ ተቀበሉን። እኔ ያንን የሬስ ዕቃ ሳላስገጥመው ጠይቄ መመለስ ብችል ኖሮ የፋብሪካውን ዓይነት ያኔውኑ እገጥም ነበር።

የተቃጠለውን ቮላኖ ፎቶ ከደብዳቤው ጋር ልኬላችኋለሁ። ሰማያዊው ነጠብጣብ በደንብ እንዲታይ በቀለም ብታትሙት፤ መኪናው ሥር የሚተኛ ልጅ ቮላኖውን ሲያወጣ ምን ማየት እንዳለበት እንዲያውቅ።

አክባሪያችሁ
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ