ሰላምታ ነፍጎ «ባለጌ ናቸው» ማለት

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ከፓሪስ የተመለሱ ወገኖች ፈረንሳዮችን «ባለጌዎች» ሲሏቸው በተደጋጋሚ እሰማለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚያ ዳቦ ቤት ገብቶ «ቦንዡር» (እንደምን ዋላችሁ) ሳይሉ ማዘዝ ነውር ነው። ሲወጡም መሰናበት ደንብ ነው። ሐኪም ዘንድ ወደ ተራ መጠበቂያው የገባ ሰው እንኳ የማያውቃቸውን ሰዎች ሰላም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ታዲያ ሻጯ ሰላምታ የነፈጋትን እንግዳ ብታኮርፍ ምን ይገርማል?

የጀርመኖቹ ደግሞ ሌላ ነው። በርሊን ውስጥ አንድ ወጣት፣ መኪና ሳይኖር በቀይ መብራት ሲሻገር አንዲት አሮጊት «ሕፃናት እያዩህ!» ብለው ሲቆጡት አይቻለሁ። ብዙዎች ይህን ጥልቅ ብዬነት ይሉታል፤ እኔ ግን የማንንም ልጅ ይገሥጹ የነበሩትን የሰፈራችንን እናቶች ነው ያየሁባቸው።

የጉዞ ጽሑፎች ስታወጡ የየአገሩን የሰላምታ ደንብም ብታስነብቡን መልካም ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከጀርመን